የፈቀዱትን ይውሰዱ

ጥቅምት 4

ለጋሼ፣ ለባለቤቴ የአጎት ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እየወጡ ያግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ከካውያው ጋር እንደተጣላ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚነገር ሕመም የለኝም።

በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። በደወልኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት። ወረቀት ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቃል ብዬ መጻፉን መረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎናችን ፎቅ የሠራው ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለ ፎቁ የሚለው፣ ባለፈው ሳምንት ሰዎች ልኮ ግቢያችን ውስጥ ችካል አስተከለ። ከችካል ችካል ገመድ ወጠሩ። ገመዱ የልብስ መተኮሻ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ያቆማሉ ብዬ ነበር። አላቆሙም። ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አድርገው፣ ዞረው በወዲያኛው በኩል ቀጠሉ። በነሱ አሳብ የሱቄ ግማሽ የኔ፣ ግማሹ የባለ ፎቁ ነው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩ።

«እትዬ፣ ሱቅሽ የተኛው በኛ መሬት ላይ ነው» አለኝ ገመድ ያዡ።

«እንግዲያው ቀስቅሰው» አልኩት። ሳቀ። በማግሥቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የተናቅኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አያታችሁ ይህን ቤት ለሁለት ልጆቻቸው ነው ያወረሱት፤ ግማሹ በሟቹ ባለቤቴ በኩል ለእኔ ደረሰ፣ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ እስከ ዛሬም ሳይከፈል አለ። ስለዚህ ጠበቃ ያስፈልገናል። ጥቂቶቹን ዞሬ ዋጋቸውን ልጠይቅ፤ የተሻለውን ልያዝ፤ የሚከፈለውን እኩል እናውጣ። ይሆናል ወይም አይሆንም ብለው ይጻፉልኝ። ሱቁ ከሄደ የምበላው እንደሌለኝ ያውቃሉ።

ፈጣሪ ጤናዎን አያጓድልብዎ።

የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 2

ይድረስ ለወንድሜ ባለቤት፤

ከባሕር ማዶ የሚላከው ሰላምታዬ ከነሙሉ ክብሩ ይድረስሽ። እኔ በሥራ ተወጥሬ ነው እንጂ ደህና ነኝ። እዚህ ሰው እኔን ሳያማክር ብዕር አያነሣም።

ደብዳቤሽን አነበብሁት። ባለ ፎቁን ተይው፤ እሱ ትናንት የመጣ ሰው ነው። የደነገጥሁት በሌላው ነው። «ዞሬ ዋጋቸውን ልጠይቅ» ትያለሽ። ጠበቃ ድንች ነው? በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የተማረ ሰው ፊት ቆሞ ስንት ነው ያለ የለም። አያታችን ሐኪም ቢመጣ፣ መሐንዲስ ቢመጣ፣ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። «የፈቀዱትን ይውሰዱ» ይሉ ነበር፤ ሰውየውም አፍሮ ጥቂት ይወስዳል። ስንት ነው ማለት የድሃ ቃል ነው።

ትልቁ ጠበቃ አብሮኝ በአንድ ወንበር የተማረ ሰው ነው። አሁን ከተማው ውስጥ ስሙን ሰምቶ የማይነሣ ዳኛ የለም። ጽፌለታለሁ። ሂጂና ተቀመጪ፤ ሲናገር አዎ በይ፤ ገንዘብ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። በመጨረሻ «የፈቀዱትን ይውሰዱ» ብለሽ ተነሺ። ይኸው ነው ሥራሽ።

ለመግቢያ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ንጹሕ ልብስ ለብሰሽ ሂጂ፤ ያው ልብስ ከሆነ የሰውም ቢሆን አታጪም።

ታላቅሽ


ኅዳር 21

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ አክብሮቴም እንደ ወትሮው። የላኩት ገንዘብ ደርሷል። «ለመግቢያ» ሲሉኝ ሲኒማ የምገባ መስሎኝ ነበር።

በራሴ ልብስ ሄድኩ። የትልቁ ጠበቃ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሚሠራው ለሚወርድ ብቻ ነው። የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ ዛሬም አላወለቁም። ሰው ሲነቃነቅ ይጮኻሉ፤ ስለዚህ ሁላችንም እንደ ፎቶ ተቀምጠን ጠበቅን። ከጎኔ የነበሩትን ሽማግሌ «አባቴ፣ ለእርስዎ ስንት ነው የሚያስከፍልዎ?» ብላቸው ክንዴን ጨመደዱኝ። «ዝም በይ፣ ይሰማሻል!» ዓመታት ተመላልሰው ዋጋቸውን አያውቁም። ከዳኛው ይልቅ የሚፈሩት ጠበቃቸውን ነው።

ስገባ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ከኋላው እስከ ጣሪያ የሚደርስ መጽሐፍ አለ። እኔ እንደሚያውቁት ማንበብ የተማርኩት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ቢሆንም መጽሐፍ ሲነበብ ጀርባው እንደ ሰው እንደሚጎብጥ አውቃለሁ። የሱዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ወንድማችን ስለ እርስዎ ብዙ ነግሮኛል» አለኝ።

«ስለ እርስዎም ነግሮኛል። ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ክፍያዎ።»

ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ ሳቀ። እሷም እሱ እስኪያቆም ሳቀች።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

«ለቤተሰብ ስንት ነው?»

«ስለሱ አይጨነቁ።»

«የምጨነቀው ስለማላውቀው ነው። ቢነግሩኝ እተዋለሁ።»

«ጉዳዩ ሲያልቅ እንተሳሰባለን፣ እትዬ።»

«እኔ ሰው ሸሚዝ ሲያመጣልኝ ዋጋውን የምነግረው ሳልተኩሰው ነው። ተኩሼ ብነግረው ሸሚዙ መያዣ ሆነ ማለት ነው።»

ይኼኔ ሳቁን አቆመ። «ሕግና ሸሚዝ አንድ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አልኩት። «ሸሚዝ ይመለሳል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ባለ ፎቁ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። የጠየቀኝ ስለ ሱቁ ነው። በሩ ወደ ዋናው መንገድ ነው ወይ? ስፋቱስ? በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል ስንት ይከራያል? የኔን ዋጋ ሁሉ ጠየቀኝ፤ የራሱን ግን አልነገረኝም።

ጋሼ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጠርጥሬያለሁ። ዋጋውን በግልጽ የሚናገር ሌላ ሰው ልፈልግ?

ደህና ይሁኑልኝ።

የወንድምዎ ሚስት


ታኅሣሥ 17

ለወንድሜ ሚስት፤

ሰላምታ ሥርዓት ስለሆነ እነሆ ሰላም ብያለሁ። ዛሬ ስለሚገባሽ አይደለም።

አሳፈርሽኝ። ትልቁ ጠበቃ ደወለልኝ። ጨዋ ስለሆነ አልከሰሰሽም፤ «እትዬ ዋጋ ይወዳሉ» ብቻ ነው ያለኝ፣ እየሳቀ። ያን ሳቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ ጫማው የተቀደደውን ልጅ ሲያይ የሚስቀው ሳቅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያ ሳቅ ወደ እኔ እንዳይዞር ስጠነቀቅ ኖሬ፣ አንቺ በአንድ ቀን አዞርሽብኝ።

ሸሚዝ ይመለሳል አልሽው? ለሕግ ሰው? ወንድሜ ሲያገባሽ «ይህቺ ዝምተኛ ሴት አንድ ቀን ትናገርና ታዋርደናለች» ብዬው ነበር። ዝምታሽን ጨዋነት ነው ይለኝ ነበር። ለካ ቃል እያጠራቀምሽ ኖሯል።

ሌላ ጠበቃ የሚባል ነገር የለም። እኔ የራሴን ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ አንቺም ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂና ትፈርሚያለሽ። ክፍያው የኔና የሱ የወንድማማች ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ ከዚህ በኋላ አላነሣውም። እናቴ በእጅሽ ላይ ስታልፍ፣ በዚያ ሳምንት ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ያን ሁሉ ትቼልሻለሁ። አንቺ ለአንድ ፊርማ ታስቸግሪኛለሽ።

በዚህ ወር የምልከው የለም። የባንክ ጉዳይ ነው።

ታላቅሽ


የካቲት 8

ለጋሼ፤

ክረምትና በጋው የተቀላቀለበት አገር ነዎትና ብርዱ እንዳይጎዳዎ እመኛለሁ።

መልሴ ዘግይቷል። የተማሪ ደንብ ልብስ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽዎ ነበር። እውነቱ፣ ስለ እናትዎ የጻፉትን አንብቤ ደብዳቤውን ለመንካት ጊዜ ፈጀብኝ። በዚያ ሳምንት የሆነውን ማወቅ ከፈለጉ ይጠይቁኝ፤ እመልሳለሁ። ዕዳ ካለብኝ ግን ለእሳቸው ነው፤ ለጠበቃዎ አይደለም። በእሳቸው ስም ፊርማ አይሰብስቡ።

ፈርሜያለሁ። «ለዚህ ክስ ብቻ» ብዬ በእጄ ጽፌ ነው የፈረምኩት። ጸሐፊዋ «ይሄ አያስፈልግም እኮ» አለችኝ። «ካላስፈለገ አይጎዳም» አልኳት። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት ዋጋ ነበር፣ እሱም አልተመለሰልኝም።

ስለ ሥራው ልንገርዎ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ትልቁ ጠበቃ አልመጣም። ስሙን ሰምቶ የማይነሣ ዳኛ የለም ብለውኝ ነበር፤ ዳኛው ስሙን ጠርተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ «የለም?» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ተቀምጠው ነው የሰጡት። በሁለተኛው መጣ፤ ሌላ ችሎት አለኝ ብሎ እንዲተላለፍ ጠየቀና ሄደ። ባለ ፎቁ በር ላይ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «አይዞሽ እትዬ፣ ጠበቃሽ ለኔም ተመችቶኛል» አለኝ። በዚያው ሳምንት በሱቄ ደጃፍ አሸዋ አስደፋ። ደንበኞቼ ሸሚዛቸውን ይዘው አሸዋ እየተሻገሩ ነው የሚወጡት።

አያታችሁ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም ያሉኝ እውነት ነው። ያልጻፉልኝ ምክንያቱን ነው፤ ከፍለውም አያውቁም። ይህን የነገረኝ ባለቤቴ ነው፣ እየሳቀ። አያታችሁ ሳሎን ተቀምጠው «የፈቀዱትን ይውሰዱ» ይላሉ፤ ሐኪሙ ኮፍያውን አንሥቶ ይወጣል፤ ሴት አያታችሁ በጓሮ ዞረው በሩ ላይ ይጠብቁትና «በል እንግዲህ፣ ስንት ነው?» ይሉታል። ተከራክረው፣ አስቀንሰው ይከፍሉታል። ክብሩ የሳሎን ነበር፤ ጥያቄው የጓሮ። እርስዎ ያደጉት ሳሎን ውስጥ ስለሆነ አልሰሙም።

ትናንት ደግሞ የትልቁ ጠበቃ ጸሐፊ መጣች፤ በረጅም ታኮዋ አሸዋውን ተሻግራ፣ ሜትር ይዛ። ሱቁን ለካች። በሩን ለካች። ጣሪያውን አየች። «ለችሎቱ ነው?» አልኳት። «አይ፣ ለአለቃዬ ነው» አለችኝ። ምን ማለት ነው?

ካልበረደዎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ሚስት


የካቲት 29

ለእህቴ፤

እንደምን ከረምሽ። ጤናዬ ይመስገን።

አድራሻዬ ተቀይሯል፤ አዲሱን ከፖስታው ጀርባ ታገኚዋለሽ። ጠበብ ያለ ቤት ነው፤ ለሥራዬ ስለሚቀርብ ነው። መኪናውንም ሰጠሁት፤ በዚህ አገር መኪና ሸክም ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኅዳር የላክሁልሽን ካልነካሽው መልሰሽ ብትልኪልኝ ጥሩ ነበር። ወይም ያ ወንድሜ የገዛልሽ የእንፋሎት መተኮሻ ማሽን ብትሸጪው ያወጣል ይባላል። ለጊዜው ነው። ትልቁ ጠበቃ በየወሩ ይደውላል፤ አንድ ጊዜ ለማኅተም፣ አንድ ጊዜ ለመዝገብ፣ አንድ ጊዜ ለሰው እጅ ማርጠቢያ። ስንት ልላክ አይባልም መቼም። እሱም ጨዋ ነው፤ «ያቅምህን» ይላል። ያቅሜን ብልክ ይንቀኛል ብዬ ከአቅሜ በላይ እልካለሁ።

ስለ ልኬቱ አትደንግጪ፤ በኔ ፈቃድ ነው። በጉዳዩ ፍጻሜ የፈቀድኸውን ውሰድ ብዬ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። የመንገድ ዳሩ ክፍል ይበቃኛል አለ። ቤቱን ሙሉ ማለት ሲችል። አንቺ ከኋላ ባሉት ክፍሎች ትኖሪያለሽ። ካውያ እንደሁ የትም ይሰካል።

ታላቅሽ


መጋቢት 10

ለጋሼ፤

እግዜር ልብ ይስጥልን፤ ለሁለታችንም ማለቴ ነው፣ ድርሻው ግን እኩል ላይሆን ይችላል።

ካውያ የትም ይሰካል። ደንበኛ ግን የትም አይሰካም። አንድ ነገር ላስረዳዎ። ባለ ፎቁ የከሰሰን የሱቄን ግማሽ ለመውሰድ ነው። እርስዎ ሱቄን ለማዳን ብለው ሙሉ ሱቄን ሰጡ። ከዚህስ ተሸንፈን ግማሹ ቢተርፈን ይሻለን ነበር።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ትልቁ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። አልካደም። ምን በወጣው!

«ወንድማችን የፈቀድከውን ውሰድ አለኝ፤ እኔም ፈቀድኩ» አለኝ።

«ሱቁን?»

«የመንገድ ዳሩን ክፍል።»

«እንጀራ የምበላበትን?»

«እትዬ፣ ያኔ ስለ ክፍያ ብዙ ይጨነቁ ነበር። ይኸው አንድ ሳንቲም ከኪስዎ አይወጣም።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። የጻፍኩለትን ውክልና ሽሬ ወጣሁ። ሊፍቱ ይወርዳል ብዬዎት የለ፤ ወረድኩበት።

ከዚያ ሌላ ጠበቃ አገኘሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ በመጋረጃ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ናት። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን እየጠረገች ነው ያነጋገረችኝ። ባለጉዳዮቹ እዚያው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይሰማሉ። ገና ሳልቀመጥ «ስንት ነው?» አልኳት።

«የምን ጉዳይ?»

«የቤት ወሰን።»

«ፍርድ ካስፈለገው ስምንት ሺህ፤ በስምምነት ካለቀ አራት።»

ጋሼ፣ ሰማይ አልወደቀም። «በዛ» አልኳት።

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ስምንቱ።»

አግዳሚው ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት «እኔን እኮ ስድስት ነው ያለችኝ!» አሉ።

«የእርስዎ የበግ ጉዳይ ነው፣ እማማ።»

«በግ አይደለም፣ ሁለት በግ ነው!»

አንዱ ሹፌር ደግሞ «የቤት ሰባት ይበቃል፤ እኔ በሰባት ነው የረታሁት» አለ። ጠበቃዋ መሀረቧን ወርውራ «እናንተ ልትሟገቱላት ነው እንዴ? ሰባት፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል፣ አለቀ!» አለች። አሮጊቷ «እንግዲያው የኔም አምስት ይሁን» ብለው ተነሡ፤ አብረን ሳቅን። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰው መሀል እንዲያ ስቄ አላውቅም። የችሎት ካባሽን በነጻ ልተኩስልሽ ብላት «አይሆንም፤ የካባው ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም በዛ አለች፤ ቀነስኩላት።

አሁን ያለችውን ልጻፍልዎ። ባልተከፈለ ቤት ውስጥ አንዱ ወራሽ ብቻውን ክፍል መርጦ ለሰው ሊሰጥ አይችልም፤ የኔ ፊርማ የለበትም። ስለዚህ ሱቄ በጽሑፍዎ አይሄድም። ነገር ግን ያ ቃልዎ እንዳለ ከቆየ የሚበላው የእርስዎን ድርሻ ነው። ትልቁ ጠበቃ ለሠራው ሥራ ገንዘብ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ቤት ግን እርስዎ ዝም ስላሉ ነው የሚጠይቀው። ልክ የሌለውን ነገር በልክ ማድረግ የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ያን ቃል መሻርዎን ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሰባቱ ሺህ የእርስዎ ድርሻ ሦስት ሺህ ከአምስት መቶ ነው፤ ከሌለዎት የለኝም ይበሉ፣ ለጊዜው እኔ እሸፍናለሁ። «የፈቀድሽውን» ካሉኝ ግን አልቀበልም። ማሽኑን አልሸጥም። በኅዳር የላኩት ገንዘብ ለጠበቃዋ የመጀመሪያ ክፍያ ሆኗል፤ ከድርሻዎ ተቀንሷል። ሦስተኛ፣ ለጓደኛዎ ይደውሉና «ስንት ነው?» ይበሉት። ካፈሩ ዓይንዎን ጨፍነው ይበሉት። በስልክ አይታይም።

የወንድምዎ ሚስት


ሚያዝያ 22

ለእህቴ፤

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ፤ እንዴት እንዳለሁ ከታች ታነቢያለሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድሁት። ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ እንደገና አነበብሁት። ለስድብሽ መልስ ነበረኝ፤ ጽፌ ጽፌ ሳነበው ሁሉም የአያታችን ድምፅ ሆነብኝ። ስለ ሴት አያታችንና ስለ ጓሮው በር አላውቅም ነበር። እውነት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ሳሎን ሆኜ የጓሮው በር ሲንቋረር እሰማ ነበርና።

የለኝም። ይኸው ጻፍሁት። የምኖረው ከአንድ መካኒክ ጋር በአንድ ክፍል ነው። መኪናው ለማኅተም ሄደ፤ ቁጠባዬ ለመዝገብ። ስብሰባ ላይ ነኝ እልሽ የነበረው ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ሌላ ነገር ይጠየቃል ብዬ ስለምፈራ ነው። እናቴንም አንሥቼ መያዣ ማድረጌ ነውር ነበር። የምጠይቅሽ አለኝ፤ በወረቀት ግን አይደለም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው።

ደወልሁለት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የደወልሁት፤ መካኒኩ ይታዘበኝ ነበር።

«ስንት ነው?» አልሁት።

«ምኑ?» አለኝ። አንቺንም እንዲሁ እንዳለሽ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። በሱ ላይ ስስቅበት የመጀመሪያዬ ነው።

«ክፍያህ» አልሁት።

«ወንድሜ፣ በእኔና በአንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር…»

«በእኔና በአንተ መካከል ስንት ነው?»

«እንግዲህ… አርባ ሺህ ይሆናል።»

«በዛ» አልሁት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«ሃያ» አለ።

እህቴ፣ ትንፋሽ እንኳ አልሳበም! አንድ ቃል ብናገር ሃያ ሺህ ወደቀ። ስልኩን ይዤ አልጋው ላይ ቁጭ አልሁ። ይህን የመሰለ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስውጠው ኖሬ ነው የደኸየሁት? መካኒኩ «ምን ሆንክ?» አለኝ፤ «ዋጋ ጠየቅሁ» አልሁት። «ኧረ በለው!» አለና እንደ እብድ አየኝ።

ሃያውን በየወሩ እየቆራረጥሁ ለመክፈል ተስማምቻለሁ፤ ከፍዬ ስጨርስ ያን ጽሑፍ ይመልስልኛል። እስከ አሁን የላክሁለት ከሰላሳ ሺህ አያንስም፤ ያ ግን ለማኅተምና ለመዝገብ ስለሆነ ለብቻው ነው አለኝ። የቃሌን መሻር ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለጠበቃዋ የቀረብኝን ድርሻዬን ለጊዜው ሸፍኚልኝ፤ እመልሳለሁ። መቼ እንደምመልስ አላውቅም፤ አላውቅም ማለትም ተምሬያለሁ።

ወንድምሽ


ግንቦት 3

ለጋሼ፤

የጻፉትን መሻሪያ ለጠበቃዋ ሰጠኋት። አሁን ሥራ ላይ ውሏል። እጅዎ ይባረክ፤ ምላስዎም ይባረክ።

ፍርዱ ተሰጠ። ጠበቃዋ ባለ ፎቁን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። «ፎቅዎን ሲሠሩ መሠረቱን ከየት ጀመሩ?» አለችው። «ከወሰኔ ነዋ!» አለ፣ ተቆጥቶ። «ወሰንዎ የት ነበር?» «ከሷ ግድግዳ!» ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ዳኛው ቀና ብለው አዩት፤ ችሎቱ ሁሉ አየው። ሱቁ በቦታው ይቆያል ተባለ። አሸዋውን ራሱ አስነሣ፤ ሲያስነሣ አልረዳሁትም።

ለጠበቃዋ የመጨረሻውን ክፍያ ዛሬ ከፈልኩ። የእርስዎን ድርሻ ቀሪ ሸፍኜዋለሁ፤ ያገኙ ጊዜ ይልካሉ። ሲመጡም ለሚጠይቁኝ ሁሉ ተቀምጬ እመልሳለሁ፤ ክፍሉም አልጋውም አለ።

አሁን ስለ ጓደኛዎ። በሃያ ሺህ ተስማማሁ ሲሉኝ ደስ ብሎዎታል ብዬ ለጥቂት ጊዜ ልተውዎ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ጋሼ፣ ያ ሰው አንድ ቀጠሮ የቀረ፣ አንዱን ያስተላለፈ፣ ሱቄን ያስለካ ሰው ነው። ከዚህ ሌላ ሥራ ሲሠራ ያየው የለም። ለማኅተም የሚባለውን ጠበቃዋን ጠየቅኳት፤ ስትስቅ ጉንፋኗ ተመለሰባት። በመዝገባችን ላይ የተከፈለው ማኅተም ሁሉ ተደምሮ የአንድ ካባ መተኮሻ አይሞላም። የሱ ዋጋ ሃያ ከሆነ፣ እርስዎ ሰላሳ ከላኩ፣ ዕዳ ያለበት ማን ነው?

ስለዚህ እባክዎ እንደገና ይደውሉለት። መካኒኩ ከጎንዎ ይቀመጥ። ዓይንዎን ግን አሁን አይጨፍኑ። «ምኑ?» ማለቱ አይቀርም። «የተረፈኝ አሥር ሺህ፤ መቼ ነው የምትልክልኝ?» ይበሉት። «ያቅሜን» ካለዎት፣ «አነሰ» ይበሉት።

የወንድምዎ ሚስት